ሦስተኛው ጠርሙስ

የኬሚስትሪ መምህሩ ደጉ ቆሰበር ካለው ቤቱ ጓሮ በርሜል ተክሎ፣ ጋራዥ የሚጥለውን የተቃጠለ ዘይት ናፍጣ ላድርግ ሲል ሁለት ዓመት ደከመ። በ2008 ዓ.ም. ቀናው።

ምስጢሩ አንድ ጣሳ ነጭ ዱቄት ነው። የዘይቱ እንፋሎት በዱቄቱ ውስጥ ሲያልፍ ይሰባበርና ቀጭን፣ ጥርት ያለ ሆኖ ይንጠባጠባል። ያለ ዱቄቱ ጥቁር ነው፣ ወፍራም። ዱቄቱ ራሱ አያልቅም። ጥላሸቱ ተቃጥሎለት፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ወደ ጣሳው ይመለሳል። ማድረቁ የሚስቱ የስሜነሽ ሥራ ነው።

ሁለት ጠርሙስ ጠርቶ ወጥቷል። ሦስተኛው አዲስ አበባ ካለ የነዳጅ ድርጅት በሚመጣው እንግዳ ፊት ከጠራ፣ ድርጅቱ ደጉን ወስዶ ይቀጥረዋል። ስሜነሽ ይህን ከሰማች ወዲህ እህል አልበላ አላት። የጎረቤቷ የዘውድነሽ ባል ለሦስት ወር ብሎ ሄዶ ይኸው ስድስት ዓመቱ። ስሜነሽ ደግሞ ገና የምታጠባ ናት።

ዘይቱን ከጫግኒ የሚያመጣው የደጉ አብሮ አደግ ውቤ ነው። ሰሞኑን ስሜነሽ ብቅ ስትል የያዘውን ወረቀት ኮቱ ኪስ ውስጥ ይከታል።

"ምን ደበቅህ?"

"የጋራዥ ጣጣ ነው እቴ።"

እንግዳው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ስሜነሽ ግድግዳውን በነጭ አፈር ለቀለቀች።

"ራስሽንም ለቀለቅሽ እኮ" አለ ደጉ ጥፍሯን አይቶ እየሳቀ።

ቀኑ ደረሰ። እሳቱ ነደደ። የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ፤ ጥቁር። ጠርሙሱ እስኪሞላ ጥቁር። እንግዳው ሚኒባስ እንዳያመልጠው ተነሣ።

ደጉ ዱቄቱን ከቧንቧው አውጥቶ በጣቱ አሸው። "ይሄ የኔ አይደለም። ተቀይሯል።"

ስሜነሽ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። "ጣሳው ያለበትን ከኛ ሌላ እሚያውቅ ውቤ ብቻ ነው" አለች ቀስ ብላ።

"ለማን ሸጥኸው?" አለ ደጉ፣ በርሜሉ ሥር ወደቆመው ውቤ ዞሮ።

"እኔን ነው ደጉ?"

"አንተን ነው። ካንተ አልጠብቅም ነበር። ደጄን እንዳትረግጥ።"

ውቤ ወጣ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ስሜነሽን ጠርቶ ያን ወረቀት ሰጣት። "ከድርጅቱ የተላከ ነው። ደጉ ነው፣ ሲሳካልኝ ድንገት ላስደስታት፣ እስከዚያ ያዝልኝ ያለኝ። ከእንግዲህ እኔ ጋ ምን ይሠራል።"

ፊደል በፊደል እየለቀመች አነበበችው። "ለአቶ ደጉ... ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ስሜነሽ... እና ለልጃቸው... አብረው የሚኖሩበት ቤት... አዘጋጅተናል።"

ገብታ የሕፃኗን ፍራሽ ገለበጠች፤ በነጠላ ቁራጭ የቋጠረችው የደጉ ዱቄት እንዳለ ነበር።