ከጨዋው

ዓሳው በጎኑ ተኝቷል። አባቴ በጣቱ ጫፍ የገንዳውን መስታወት ያንኳኳል፣ እንቅልፍ የጣለውን ሰው እንደሚቀሰቅስ ቀስ ብሎ። «ጌታው» ይላል። «ጌታው፣ ተነስ እንጂ።»

ጌታው ስሙ ነው። እህቴ ናት ያወጣችለት፤ ሥራ ሳይሠራ፣ ከድንጋይ ድንጋይ ሲንጎራደድ ውሎ ምግቡ የሚቀርብለት ጌታ ካልሆነ ማን ነው ብላ። ርዝመቱ ጣት አይሞላም። ከራሱ እስከ ወገቡ ወይን ጠጅ፣ ከወገቡ በታች ቢጫ ነው። አባቴ መጀመሪያ ያየው ቀን «ይሄ ደግሞ የማንን ሱሪ ለብሶ መጣ?» ብሎ አስቆናል። አሁን ወይን ጠጁ አመድ መስሏል። ጉንጮቹ ቶሎ ቶሎ ይከፈታሉ፣ ይከደናሉ።

ቦርሳዬን ከትከሻዬ አላወረድኩም። ሥራዬ ሌላ ከተማ ስለሆነ ከእህቴ ቀብር ወዲህ ወደ ቤት ስመጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያን ጊዜ ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ስለነበር ወደዚህ ጥግ ዞር ብሎ ያየ አልነበረም።

አባቴ ምን እንዳጎደለበት ይጠይቀኛል። ምግቡን በሰዓቱ ይሰጠዋል፤ መብራቱን በሰዓቱ ያበራል፣ ያጠፋል። ውሃውንማ ራስህ እየው ይለኛል። አየዋለሁ። እህቴ መስታወቱ ላይ ካሰመረችው ምልክት ጋር ልክ ገጥሟል፤ ከፍም ዝቅም አላለ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። የራዲያተር ውሃ ሳያይ ሞተር አስነስቶ አያውቅም። እህቴ ሆስፒታል ከገባች ጀምሮ ደግሞ ፊቱን ሳይታጠብ የዓሳውን ውሃ ያያል፤ ተኖ የጎደለውን ይሞላል። በስልክ ባገኘሁት ቁጥር ስለ ዓሳው እጠይቀው ነበር፤ «ጌታው ደህና ነው» ሲል ብቻ ድምፁ ቀና ይልልኝ ነበርና።

የመስታወቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር ጋግሯል። በጥፍሬ ስፍቀው ቅርፊት ሆኖ ይወድቃል። ከመሳቢያው የጨው መለኪያውን አውጥቼ ውሃ እቀዳበታለሁ። መርፌዋ አረንጓዴውን ታልፋለች፤ ቀዩንም ታልፍና መጨረሻው ላይ ሄዳ ትለጠፋለች።

«አባዬ፣ በየትኛው ነው የምትሞላው?»

መደርደሪያው ሥር ሁለት ጄሪካኖች አሉ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሰማያዊ። በእግሩ ወደ ሰማያዊው ይጠቁመኛል። እሷ የበጠበጠችው ሲያልቅ፣ ስትሠራ እንዳያት አድርጎ፣ የባህሩን ጨው እየሰፈረ ራሱ መበጥበጡን ይነግረኛል። ትንሽ ኮራ ብሏል።

«በዚህ ሙላ ያለህ ማን ነው?»

«እሷ ናታ። ኦክስጅኑን ከአፏ አንስታ። ‹አባዬ፣ ውሃው ሲጎድል ከጨዋው ጨምርለት› አለችኝ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገረችም።»

ከጨዋው።

ወንበሩን ስቤ እቀመጣለሁ። የባህር ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይተንም፤ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው በተራ ውሃ ነው። እህቴና እኔ ዓሳውን ያመጣነው ሰሞን ለጄሪካኖቹ ስም አውጥተን ነበር። የጨው ውሃው ብረት ያዝጋል፣ ምንጣፍ ያበላሻል፤ እሱን «ዱርዬው» አልነው። ተራው ውሃ ቢደፋም ማንንም አያስቀይም፤ እሱን «ጨዋው» አልነው። ጨው የሌለበት ጨዋ ነው እያለች እህቴ በሳቅ ትሞት ነበር። የሁለታችን ቀልድ ነው። በዚያ ሁኔታ ላይ ሆና አባቴም የሚያውቀው መስሏት ይሆናል። እሱ ደግሞ ጨዋ ሲባል ጨው ያለበቱ መሰለው። ማንስ ቢሆን ምን ይመስለዋል?

አባቴ ዓሳውን ትቶ እኔን ማየት ጀምሯል።

«ያጠፋሁት ነገር ካለ ንገረኝ፣ ልጄ። አልቀየምህም።»

መልሱ አፌ ውስጥ ነው፤ ሁለት ቃል አይሞላም። የዓሳው ጉንጭ ተከፍቶ ሳይከደን ይቀራል። አባቴም አይቶታል።

«አርጅቶ ነው፣ አባዬ» እላለሁ። «የዚህ ዓይነት ዓሳ ዕድሜው ይሄው ነው።»

ራሱን በዝግታ ይነቀንቃል። ድንጋዮቹ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩትን የባህር ፍጥረታት፣ ኮራሎቹን፣ ያያል፤ ግማሾቹ እንደ ጡጫ ተጨብጠዋል፣ ጥቂቶቹ ገና ጣቶቻቸውን ዘርግተው ይወዛወዛሉ። «እነዚህ እንኳ አሉልኝ» ይላል። ከዚያ ዓሳውን የሚያወጣበት ንጹህ መሀረብ ሊያመጣ ወደ መኝታ ቤቱ ይገባል።

ሰማያዊውን ጄሪካን ብድግ አድርጌ ወጥ ቤት እሮጣለሁ። ያለውን ሁሉ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ እደፋለሁ፣ አለቀልቀዋለሁ፣ ተመልሼ ከነጩ ተራውን ውሃ ገልብጬ እሞላዋለሁ። አባቴ ሲመለስ ጄሪካኑ ቦታው ደርሷል፤ እኔ ግን ትንፋሼ ገና አልተሰበሰበም።

ዓሳውን በመዳፉ አፍሶ ያወጣዋል። በመሀረቡ ሲጠቀልለው ጠርዝ ከጠርዝ ያስተካክላል፣ ያጥፈዋል፣ ጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል። ዞር ብሎ ውሃውን ያያል። እኔ ስለቀዳሁበት ጥቂት ወርዷል። ጎንበስ ብሎ ሰማያዊውን ጄሪካን ያነሳል።

ውሃው ከላይ ብቅ ያለው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ይረጫል። ፍንጣቂው ከንፈሩን ይነካዋል፤ ሳያስበው በምላሱ ይልሰዋል። ጨው ጨው አይልም።

ጄሪካኑ አየር ላይ ይቆማል።

ዓይኖቹ ወደ ነጩ ጄሪካን ይሄዳሉ። ባዶውን ቆሟል፤ ክዳኑን መሬት ላይ ረስቼዋለሁ። አባቴ ክዳኑን ለረጅም ጊዜ ያየዋል። ከዚያ ጄሪካኑን በሁለት እጁ ይይዝና ማፍሰሱን ይቀጥላል፤ ቀጭን አድርጎ፣ ሳያቋርጥ፣ ሕፃን እንደሚያጠጣ ሰው። ቀና ብሎ አያየኝም።