ዞር ብላ ሳታይ የወጣችው እናት

"እማዬ፣ ዛሬስ በሩን ሳትነካኪ ወጣሽ... ምን ነካሽ?"

አለች ልጅቷ፣ መሪውን ወደ ተራራው መንገድ እያዞረች።

እናትየዋ ሳቅ ብላ በመስኮቱ ማየቷን ቀጠለች።

እውነቷን እኮ ነው። እናትየዋ ጋዙን ዘግታ፣ ተመልሳ ገብታ ቧንቧውን አይታ፣ በሩን ቆልፋ እጀታውን ሳትጎትት ከቤት አትወጣም። በዚህ ጠባይዋ ስንት አውቶቡስ አምልጧቸዋል። ልጆቿ "ዘበኛዋ" ነው የሚሏት።

ዛሬ ግን ትንሽ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች... ዞር ብላም አላየች።

ልጅቷ "እሰይ፣ አላስረፈደችንም" ብላ አለፈችው።

የተከራየቻት መኪና ታምራለች። ከኋላ አልጋ፣ ምድጃ፣ ትንሽዬ ማጠቢያ ሁሉ አላት... ባለ ጎማ ቤት በሏት።

ይሄን ተራራ ማየት የእናትየዋ የዘመናት ምኞት ነው። የጭነት መኪና ሾፌር የነበረው ባሏ "አንድ ቀን አናቱ ላይ ወስጄ አሳይሻለሁ" እንዳላት ነው የሞተው።

ልጅቷም "እኔ ላሳይሽ፣ አድረን እንመለሳለን" አለቻት።

ጉዱ እዚህ ጋ ነው...

መመለስ የሚባል ነገር የለም።

ቤቱ ተሸጧል። ባሏ ሲሞት ልጆቿን አምና በስማቸው ያዞረችው ቤት። እነሱ ተራራውን ሲወጡ ወንድምየው ዕቃውን እየጫነ ነው። ከተራራው ማዶ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ደግሞ አንድ አልጋ ተይዞላታል።

"አናቱ ላይ ስንደርስ እነግራታለሁ" ብላ ነው ልጅቷ የተነሳችው። ቆንጆ ቦታ ላይ ሲነገር የሚቀል መስሏት።

መታጠፊያውን ዞሩ። ወንዙ ከታች እንደ ክር ቀጠነ።

"እማዬ..."

"ወዬ፣ የኔ ልጅ።"

"...በረደሽ እንዴ?"

"አልበረደኝም።"

ሌላ መታጠፊያ...

"እማዬ..."

"ወዬ።"

"...ውሃ ትጠጫለሽ?"

ቃሉ ምላሷ ላይ ይመጣና ይመለሳል። እናትየዋ በተጠራች ቁጥር ፊቷን ወደ ልጇ ታዞራለች... ትንሽ ትጠብቃለች... ከዚያ መልሳ ወደ መስኮቱ።

አናቱ ላይ ደረሱ።

ሰማዩ ጥርት ብሏል። በአንድ በኩል የመጡበት ከተማ፣ በሌላው ደኑና ሐይቁ... ዓይን አይጠግበውም።

እናትየዋ ወርዳ ብዙ ቆማ አየች። "ያ ሰውዬ አልዋሸኝም" አለች ስለ ባሏ። ከዚያ ነፋሱ ሲበረታባት መኪናው ውስጥ ገባች።

የልጅቷ ስልክ ጠራ። ወንድሟ ነው።

"ስሚ፣ ቁልፍ ሠሪ ይዤ ብመጣ በሩ ክፍት ነው! ቁልፉም በሩ ላይ ተሰክቷል። እማዬ ረስታው ነው እንዴ?"

"...ዕቃውስ?"

"ጭነን ጨረስን። ገዢዎቹም ገብተው መጋረጃ እየለኩ ነው። የአባዬን ፎቶ ግን አጣሁት።"

ልጅቷ ክው አለች። ያቺ ትንሽ ቦርሳ ትዝ አለቻት።

የመኪናውን የኋላ በር ስትከፍት እናቷ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። የአባቷ ፎቶ ምድጃው አጠገብ ቆሟል።

"ወንድምሽ ደረሰ?" አለች እናትየዋ። "በሩን እንዳይሰብረው ብዬ ነው ክፍት የተውኩለት።"

"እማዬ... ማን ነገረሽ?"

"ቧንቧ ሊያይ ነው ብላችሁ የላካችሁት ሰውዬ ነዋ። ቧንቧውን ዞር ብሎ ሳያይ ኮርኒሱን ሲያይ፣ ክፍሎቹን ሲለካ ዋለ። አንቺ ደግሞ 'አድረን እንመለሳለን' ስትይኝ ቀኑ ዛሬ እንደሆነ ገባኝ። እኔ አረጀሁ እንጂ አልጃጀሁም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ትነግሪኛለሽ ብዬ። 'እማዬ' ባልሽኝ ቁጥር አሁን ልትነግረኝ ነው እል ነበር... አንቺ ውሃ ትጠጫለሽ ትይኛለሽ።"

ልጅቷ እናቷ እግር ስር ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች።

"እንመለስ እማዬ... አሁኑኑ እንመለስ።"

"ወዴት?"

ልጅቷ በተከፈተው በር ቁልቁል ወደ ከተማው አየች። እናትየዋ ቀጠለች።

"ይቺን መኪና መቼ ነው የምትመልሻት?"

"ነገ..."

"እንግዲህ ለዛሬ ቤት አለኝ" አለች እናትየዋ። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ብርድ ልብሱን ተከናንባ ፊቷን አዙራ ተኛች።

ወዳጆቼ፣ ይሄን ታሪክ በደስታ ልጨርስላችሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። በማግስቱ መኪናዋ ተመለሰች... እናትየዋ ግን ከተራራው ማዶ መጦሪያው ቀረች እንጂ አልተመለሰችም።

ቤት ይሸጣል፣ ሰውም ያረጃል። ግን እናታችሁን የምትጎዱበት ቀን ከመጣ ቢያንስ ዓይኗን እያያችሁ በአፋችሁ ንገሯት። ከእናንተ ለመስማት መንገዱን ሙሉ እየጠበቀቻችሁ ሊሆን ይችላል።

እስቲ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ... እናንተ እናትየዋን ብትሆኑ በሩን ክፍት ትተዉላቸው ነበር ወይስ ቆልፋችሁ ቁልፉን ይዛችሁ ትሄዱ ነበር?