አባቷ ሲቀበር ኬክ ያስቆረሷት ሰዎች

«አጎንብሺ... ሠላሳ ዲግሪ... አንገትሽን ሳይሆን ወገብሽን።»

ብሩክታዊት አጎነበሰች።

«ጎሽ። አሁን ቀና በዪና ፈገግ።»

ፈገግ አለች...

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ፣ አንድ ፎቅ ላይ ያለ ማሰልጠኛ።

መምህሯ ዘሚካኤል ለመጨረሻ ጊዜ እያለማመዳት ነው። አራት ሰዓት ላይ ጃፓን ያሉት አሠሪዎቿ በቪዲዮ ይፈትኗታል።

አባቷ፣ የኦቾሎው ሸማኔ አቶ ኦይታ፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ አርፈዋል።

መምህሩ ያውቃል። ታላቅ ወንድሟ ያውቃል። ኦቾሎ ያለ ዘመድ በሙሉ ያውቃል።

የማታውቀው እሷ ብቻ ናት።

እስቲ ይሄ ምን ይባላል?

ልጅቷ የተቀጠረችው ጃፓን፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ነው። ቋንቋውን አስቀድማ ተምራለች። ሥራ ሳትጀምር ግን ሦስት ወር የመሥሪያ ቤት ጃፓንኛ መሰልጠን ነበረባት... ስልክ እንዴት እንደሚነሳ፣ የስም ካርድ በሁለት እጅ እንዴት እንደሚቀበሉ፣ ለአለቃ እንዴት ሪፖርት እንደሚደረግ።

የሰው አባት ልትጦር ነው እንግዲህ። ልብ በሉልኝ።

መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ለሰልጣኞቹ ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር ጽፎላቸው ነበር።

«ክፉ ወሬ አይደር።»

«ጃፓን ስትሠሩ ደስ የሚለው ወሬ ቢያድር ግድ የለም» አላቸው። «መጥፎው ግን ሳያድር፣ ሳትጠየቁ፣ ለሚመለከተው ሰው ይነገራል።»

ይሄን ያስተማረ ሰው ነው እንግዲህ መርዶ በሆዱ ይዞ «ፈገግ በዪ» የሚላት።

ወንድም ተብዬውማ ይብሳል...

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ከማሰልጠኛው በር ጠበቃት።

«ብሩኬ፣ ስልክሽን እኔ ጋ ተዪው። እንዳትዘናጊ። ነገ ስትጨርሺ እሰጥሻለሁ።»

«አባባ ደውሎ ሊመርቀኝ ነበር እኮ ጋሼ። ቢደውልስ?»

«እኔ አነሳልሻለሁ» አላት።

የሞተ ሰው ሲደውል ሊያነሳላት ቃል ገባ!

ከሴቻ ኦቾሎ ስንት ነው? በሞተር አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ባሕር ማዶ አይደለም። ልጅ አባቷን አፈር አልብሳ መመለስ ትችል ነበር።

ግን «ለሷ ብለን ነው» ተባለ። ይቺ «ለሷ ብለን ነው» የምትባል ነገር ስንቱን ጉድ እንደሸፈነች...

ፈተናውን አለፈች። አንድ ቃል እንኳን አልተሳሳተችም።

ጓደኞቿ አቀፏት። ስድስት ሰዓት ላይ ኬክ መጣ። እሷ ስትቆርስ ሁሉም አጨበጨቡላት። መምህሩ ጥግ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

በዚያው ሰዓት ኦቾሎ አባቷ ይቀበሩ ነበር። ስልኳን የያዘው ወንድሟም እዚያው ነበር።

ዓርብ ማለዳ ሽማግሌዎች ቤቷ ድረስ መጡ። ገና ስታያቸው ገባት።

«አባባ ነው?»

አንደኛው ሽማግሌ እጇን ያዙ።

«መቼ?»

«ረቡዕ...»

«ተቀበረ?»

«ትናንት፣ ልጄ።»

«በስንት ሰዓት?»

«ስድስት ሰዓት ገደማ።»

እጆቿን አየቻቸው። «እኔ ስድስት ሰዓት ላይ ኬክ እየቆረስኩ ነበር» አለች። ከዚያ ወደቀች።

ለቀባሪው አረዱት ይባላል። እሷን ግን ሳትቀብር አረዷት።

ሰኞ ዕለት ከአሠሪዎቿ ጋር የጉዞ ቀጠሮ ነበራት። ጥቁር ለብሳ ቀረበች። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውምና ወንድሟ አብሯት መጥቶ ከኋላ ተቀምጧል።

ስክሪኑ ላይ ያሉት ሴትዮ ልብሷን አይተው ጠየቋት። ብሩክታዊት ቆመች። በተማረችው ጃፓንኛ ሪፖርት አደረገች... መቼ እንደሞቱ፣ መቼ እንደተቀበሩ፣ እሷ መቼ እንደሰማች።

ሴትዮዋ ብድግ ብለው አጎነበሱ። ቶሎም ቀና አላሉ።

ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ። ብሩክታዊት ገብቷታል። ግን ወደ መምህሯ ዞረች።

«መምህር፣ ጮክ ብለው ይተርጉሙት። ወንድሜ ይስማ።»

መምህሩ ወደ ወንድሟ ዞሮ ተረጎመ።

«ለወላጅ ሞት ድርጅቱ ፈቃድ ይሰጣል... ፈተናውን ወደሚቀጥለው ሳምንት እናዛውረው ነበር... ለምን አልነገራችሁንም? ነው የሚሉት።»

አንድ ሳምንት ይጠብቋት ነበር! የሚያስፈልገው አንድ ስልክ ብቻ ነበር።

እሷ ግን አልጮኸችም።

«ለእኔ ብለህ ነው አይደል?» አለችው ወንድሟን።

«አዎ... ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ከሆነ እኔን ለምን አልጠየቅከኝም?»

ይቺን ጥያቄ እስከ ዛሬ ለራሱ ይደጋግማታል።

እንዴት አወቅክ ትሉኝ ይሆናል...

ወንድም ተብዬው እኔ ነኝ።

መምህሩንም ያማሁት በግፍ ነው። ረቡዕ ስነግረው «ለድርጅቱ ልደውልና ልጠይቅላት» ብሎኝ ነበር። «ከጠየቅክማ ይሰርዟታል፤ አደራ!» ብዬ አፉን ያሸግኩት እኔ ነኝ። በአደራ አሰርኩት።

ይኸው ዛሬ ስልኬ ላይ «አባባ» የሚለውን ስም ባየሁ ቁጥር «እኔ አነሳልሻለሁ» ያልኳት ትዝ ይለኛል።

በሚቀጥለው ወር ትሄዳለች። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። አልመለሰችልኝም፤ አይፈረድባትም።

ወገኖቼ፣ መርዶ ስለተደበቀ ሐዘን አይቀርም። የሚቀረው መቅበር ነው። የሰውን ሐዘን ከሰውየው በላይ እናውቅለታለን ማለት ደግነት አይደለም፣ ንቀት ነው። እኔ ንቄያታለሁ። ለዚህ ፈተና ሦስት ወር ሙሉ የታገለች ልጅ፣ እውነቱን ብነግራት ትሰበራለች ብዬ ናቅኳት።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ... መርዶ ተደብቆባችሁ ያውቃል? የደበቀባችሁን ሰው ይቅር አላችሁት?