የቆሙት ነገሥታት

ፍራንክፈርት፣ ሮመር በሚባለው ጥንታዊ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ፣ ቤዚ የነገሥታቱን አዳራሽ ወለል ተንበርክካ ስትወለውል በሩ ተከፈተና አቦይ ዘመንፈስ ገቡ። በሥራ ልብስ ሳይሆን በሙሉ ልብስና በክራቫት ስታያቸው ጨርቁን ጥላ ብድግ አለች።

«ኖር!»

«በእግዜር ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ሬንተ ወጥቻለሁ፣ ጡረተኛ ነኝ፤ ልሰናበታቸው ነው የመጣሁት።»

ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ መሀል ዘለቁ። የጥንቶቹ ነገሥታት ዘውድ ደፍተው፣ ጎራዴ ጨብጠው፣ ዙሪያውን ከየሥዕላቸው ቁልቁል ያዩዋቸዋል። ሽማግሌው ሃያ ስድስት ዓመት እግራቸው ሥር ሲወለውሉ አንድ ቀን እንኳ በወጉ ቀና ብለው አይተዋቸው አያውቁም።

«በእናንተ ቤት ሦስት ልጅ አሳደግሁ» አሉ ቀስ ብለው፤ «እግዜር ይስጥልኝ።»

ቤዚ አሁን እጅ ይነሳሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ገና ያኔ ያስተዋሉ ይመስል ግድግዳውን ዞረው አዩ። ያ ሁሉ ንጉሥ ቆሟል። ደነገጡ፤ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በሌላ እጃቸው ወደ ታች እያመለከቱ፣

«በእግዜር! በእግዜር! ኧረ ተቀመጡ!» አሉ።

ወጥተው በሩ እስኪዘጋ ድረስ አንድም ንጉሥ አልተቀመጠም። ቤዚም ወደ ጨርቋ አልተመለሰችም።