የትልቁ ተክል ጨው

ንጉሡ ከትልቁ ተክል ባልዲ ሥር የተንጠባጠበውን ውሃ በብርጭቆ ተቀብሎ የጨው መለኪያውን ነከረበት። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣና ከሌሎቹ ሁለት ባልዲዎች ሦስት እጥፍ ላይ ደርሶ ቆመ። መለኪያውን አጥቦ፣ አድርቆ፣ እንደገና ነከረው። ያው ነው።

«ውሸታም!» አለ። መለኪያውን ይሁን ተክሉን፣ ለራሱም አልለየለትም።

«ማንን ነው?» አለ በፍቃዱ ከስልኩ ስፒከር። ችግኞቹን የሰጠው እሱ ነው።

«አንተን አይደለም። ይሄን ትልቁን ተክል ነው። አፈሩ ጨው በጨው ሆኗል።»

«ማዳበሪያ አብዝተህ ነዋ! ሃፍ ዶዝ፣ ግማሹን ስጠው ብዬህ ነበር።»

«ሩብ ነው የምሰጠው። ዐሥራ ሁለት ቀን ሆኖኛል እሱንም ካቆምኩ። ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አጠብኩት። ባጠብኩት ማግስት ይወርዳል፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ እዚያው ነው።»

«እንግዲያው ውሃ አብዝተህ ኦቨርዋተር እያደረግከው ነው።»

«በፍቃዱ፣ ውሃ ጨው አይወልድም።»

«አንተ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ሳይንቲስት፣ እኔ ታክሲ ነጂ። ታዲያ የኔዎቹ ለምን ጫካ ሆኑ?» ሳቀበትና ዘጋው።

ንጉሡ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሰው የሚጠጣውን ውሃ ሲመረምር የኖረ ሰው ነው። አንድ ነገር ያለ ምክንያት ሲበላሽ አይቶ አያውቅም። ሦስቱም ተክሎች ከአንድ እናት የተቆረጡ ናቸው፤ አፈሩ አንድ፣ መብራቱ አንድ፣ ቧንቧው አንድ። ሁለቱ ትንንሾቹ ለምልመዋል። አበባ የያዘው ትልቁ ግን የቅጠሉ ጫፍ እሳት እንደላሰው ቡናማ ሆኗል፤ አፈሩ ረጥቦ ሳለ ውሃ እንደጠማው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። ሚስቱ ለካንሰሯ ከምትወስደው ከሚቀጥለው ኪሞ በፊት የሚደርሰው ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ሐኪሙ ያዘዘው ክኒን የሚስቱን የፋናን ማቅለሽለሽ አላቆመውም። ከበፍቃዱ የመጣችው ቁንጥር አበባ ግን አንድ ምሽት አቁማላት፣ ግማሽ ሳህን ፍርፍር በልታ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ንጉሡ ምድር ቤቱን ያጸዳው። ቤታቸው ከጎዳናው ወዲህ፣ ዲሲ ውስጥ ስለሆነ ሕጉ ሦስቱንም የካናቢስ ተክሎች ይፈቅድላቸዋል። ከጎዳናው ማዶ፣ ሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሆን ኖሮ ፖሊስ ነበር የሚያንኳኳው።

«ንጉሡ!» አሉ አማቱ እማማ ተናኘ ከደረጃው አናት። «ያንን የሰይጣን ጎመን ስታስታምም ምሳህ በረደ!»

«መጣሁ። እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እንዳይቆጡኝ። ይሄን ትልቁን ተክል ውሃ ያጠጡታል?»

«እኔ?»

«ሳያስቡት… የሥጋ እጣቢም ቢሆን…»

«እኔ ተናኘ በስተርጅናዬ ሐሺሽ ልኮትኩት? ለንስሐ አባቴ ምን ብዬ ነው የምናዘዘው?» ሁለት ደረጃ ወረዱ፤ ጉልበታቸው ከዚያ በላይ አላወረዳቸውም። «ይልቅስ የኔን መድኃኒት እይ። የዶሮ ሾርባዬን ፋና በቀን ሁለቴ ልቅም አድርጋ ነው የምትጠጣልኝ። የወጥ ቤቱ ሽታ ይከብደኛል ብላ እዚያ ያንተ ተክሎች ጋ ይዛው ትወርዳለች እንጂ፣ በሞቴ ብያት እምቢ ብላኝ አታውቅም። ሳህኑን ስትመልስልኝ ማጠብ እንኳ አያስፈልገውም።»

«ይበርቱ፣ እማማ» አለ ንጉሡ፣ ልቡ ከባልዲው ሳይነሳ።

ሲሄዱ ማንኪያ አነሳ። ሥሩ በስብሶ እንደሆነ ለማየት ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ ይቆፍር ጀመር። ሁለት ጣት እንኳ ሳይጠልቅ ማንኪያው የረጋ ሻማ የመሰለ ነጭ ነገር ነካ። በጣቱ አሸት አሸት አድርጎ አሸተተው። ሞራ ነው። ትንሽ ዝቅ ሲል ተቀቅሎ የለሰለሰ የካሮት ቁራጭ አገኘ። ከካሮቱ ሥር ቀጭን የዶሮ ሥጋ ክር ነበር። ሥራው ላይ እንደለመደው አንድ በአንድ በወረቀት ፎጣ ላይ ደረደራቸው።

ከዚያ ቀና ሲል ወንበሩን አየ። ፋና ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ወንበር ከትልቁ ተክል አንድ ክንድ አይርቅም።

ደረጃው ሲንቋቋ ሰማ። ፋና ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጎድጓዳ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይፈስባት እየተጠነቀቀች ትወርድ ነበር። መጀመሪያ እሱን አየች። ቀጥሎ ወረቀቱን አየች።

«ለእማዬ አትንገራት» አለች።

«ስድስት ሳምንት እኮ ነው ፋና! ስድስት ሳምንት ሙሉ መብራት ስቀይር፣ አፈር ሳጥብ… መጸዳጃው ውስጥ ብትደፊው ምን ነበር?»

«ውሃውን ስለቀው ትሰማለች። በሩ ላይ እኮ ነው የምትቆመው።» ሳህኑን ደረጃው ላይ አስቀመጠችና እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። «ከደሴ ድረስ ለኔ ብላ መጥታ፣ በሞቴ እያለችኝ እንዴት እምቢ ልበላት? ሽታው ብቻውን ያስታውከኛል። ተክሉ እንኳ ይብላልኝ ብዬ ነው።»

ንጉሡ ሌላ የሚናገረው ቁጣ ነበረው፤ አፉም ተከፍቶ ነበር። ሳህኑን ስታስቀምጥ ነጠላው ከክንዷ ሸሸት ብሎ ነበር። አጥንት ብቻ የቀረውን ክንዷን አየ።

«እህል ከቀመስሽ ስንት ቀን ሆነሽ?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ፋና ልትዋሸው አልፈለገችም። አሰበች። አውራ ጣቷን አጠፈች፣ ከዚያ ጠቋሚዋን፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ ከዚያ የቀለበት ጣቷን። ትንሿን ጣቷንም አጥፋ፣ ሁለተኛውን እጇን ከነጠላው ሥር አወጣች።