ዜሮ ሴንቲ ሜትር

ወይኔ፣ ትርሲት ዛሬ እንዴት እንደፈነጠዘች! ደብረ ብርሃን ላይ በረዶ መጣል ከጀመረ ወዲህ የቤት ማሞቂያ የሚለቀቀው የቀበሌው የበረዶ መለኪያ ሃያ ሴንቲ ሲሞላ ብቻ ነው። ዛሬ ደግሞ በረዶው በራቸውን ዘግቶባት በመስኮት ነው የወጣችው! አራስ እናቷ ጨቅላውን በሦስት ጋቢ ጠቅልላ፣ "ሩጪ፣ ሲለኩ እዪልኝ" ብላታለች።

ቀበሌው ግቢ ስትደርስ ለኪው ጋሽ ዘርጋው በረዶው የሚለካበትን ጣውላ በመጥረጊያ ሙልጭ አድርገው ጠርገውታል።

"ጋሼ! ምን እያረጉ ነው?"

"ከላይ ተቆጣጣሪ እየመጣ አይደል እንዴ? ያልተጠረገ ጣውላ ላሳየው ነው?"

"የሚለካው እኮ በረዶው ነው!"

"ዝም በይ አንቺ! እንግዳ ሲመጣ ይጠረጋል።"

ተቆጣጣሪው ከመኪናው ሲወርድ እስከ ጉልበቱ በረዶ ውስጥ ሰመጠ። እየተንገዳገደ መጥቶ ጣውላውን አየና፣ "እንዴት ያለ ንጽሕና!" ብሎ ቅጹ ላይ ዜሮ ጻፈ። ጋሽ ዘርጋው በኩራት አበጡ፤ ሜዳሊያ ብቻ ነው የቀራቸው።

ትርሲት በመስኮቱ ተመልሳ ገባች።

"ስንት ወረደ?" አለች እናቷ።

"ዜሮ፣ እማዬ። በጋ ነው፣ ጋቢውን አንሺለት!" አለችና የራሷን ጃኬት አውልቃ ሕፃኑ ላይ ደረበች።