«ና የኔ ጌታ»

ትርሲት የእናቷን ድምፅ ከአሮጌው የኮምፒውተር ቋንቋ ወደ አዲሱ፣ መስመር በመስመር እየተረጎመች ነበር። እናቷ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ድምፅዋ ግን እንደ ሌሎች ሙታን ድምፅ በፕሮግራም ተጽፎ ቤት ውስጥ ይናገራል። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ማሽኖች አሮጌውን ቋንቋ ማንበብ ያቆማሉ፤ ያልተተረጎመ ድምፅ ለዘለዓለም ዝም ይላል።

የመጨረሻውን መስመር አዲሱ ቋንቋ አልቀበልም አለ። «ስህተት፦ ሴት በወንድ ጾታ ተጠርታለች።»

«አሁንስ ምን አለ?» አለ ወንድሟ ምንተስኖት።

«‹ና የኔ ጌታ› የሚለውን አርሚ ይለኛል። እማዬ ስታቆላምጠኝ እንደሆነ በምን ላስረዳው?»

«እኔን ‹አንቺ› የምትለኝንማ ጠዋት አርሞታል። ወንድ አደረገኝ!» ሊስቅ ሞክሮ አቃተው። «ሁለት ደቂቃ ነው የቀረን። እሺ በይው፣ እህቴ። ጨርሶ ከምናጣት።»

ሦስት ጊዜ መልሳ ጻፈችው፤ ሦስቴም መለሰባት። «ይታረም» የሚለውን ነካች።

«ነይ፣ የኔ እመቤት» አለ ድምፁ፣ የማያውቀውን እንግዳ እንደሚቀበል ሰው።

ትርሲት «አቤት» ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። የእናቷ የቀድሞ ድምፅ ያለበትን አሮጌ ማሽን ገመድ ነቀለች፤ ጠቅልላም መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።